ፍላሽ ካርዱን ራሴ ልጻፍ ወይስ ለኤአይ ልተወው?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የአራተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። የመውጫ ፈተናው አራት ወር ገደማ ቀርቶታል። የማጠናው አንኪ በሚባለው አፕ ላይ ፍላሽ ካርድ (ፊቱ ጥያቄ፣ ጀርባው መልስ የሆነ ካርድ) ራሴ እየጻፍኩ ነው። አንድ ምዕራፍ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። የዶርም ጓደኞቼ ደግሞ ፒዲኤፍ ሲጭኑበት በራሱ ካርድ የሚያወጣ የኤአይ አፕ አግኝተዋል። በአንድ ማታ የስንት ኮርስ ካርድ አወጡ። እነሱን ሳይ ጊዜዬን በከንቱ የማጠፋ ይመስለኛል። በያዝኩት ልቀጥል ወይስ እንደነሱ ላድርግ? ስልኬ አንድሮይድ ነው፣ ላፕቶፕ የለኝም። ዋይፋይ የማገኘው ላይብረሪ ስሄድ ብቻ ነው።»

ምላሽ፦ ሰላም እህቴ። የመውጫ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። አይገርምም። የአራት ዓመት ትምህርት በአንድ ቀን ሲጠየቅ፣ ሳምንት ሲቀር ቁጭ ብሎ መቸከል አያዋጣም። የሆነ ዘዴ ያስፈልጋል።

ጓደኞችሽን አይተሽ አትደንግጪ። እነሱ ጨረስን ያሉት ካርድ ማውጣቱን ነው። ጥናቱ ገና አልተጀመረም።

አጭሩ መልሴ ይህ ነው። አንኪን አትልቀቂ። ኤአዩን ረቂቅ አስጽፊው፤ ከረቂቁ ውስጥ የትኛው ካርድ እንደሚገባ ግን አንቺ ወስኚ። ሞዴል ፈተና ላይ የሳትሽውንና «ለምን» የሚል ጥያቄ ያለበትን ሁሉ ደግሞ ራስሽ ጻፊ። እንዲህ የምለው ለምን እንደሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ካወቅሽው ነገ ሌላ አፕ ቢመጣም አትወናበጂም።

ፍላሽ ካርድ የሚጠቅመው መልሱን ስላነበብሽው አይደለም። መልሱን ከማየትሽ በፊት ከራስሽ ውስጥ ለማውጣት ስለታገልሽ ነው። ጄፍሪ ካርፒኪ እና ሄንሪ ሮዲገር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን በደንብ አሳይተዋል። የአሜሪካ ተማሪዎችን 40 የስዋሂሊ ቃላት ከነእንግሊዝኛ ፍቺያቸው አስጠኑ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ቃላቱን ቻሉ። ልዩነቱ ቃሉ ከተቻለ በኋላ የተደረገው ነገር ነው። ከፊሎቹ የቻሉትን ቃል እንኳ ደጋግመው ተጠየቁ። ሌሎቹ የቻሉትን ቃል መጠየቅ ቀረላቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ማንበባቸውን ቀጥለው ነበር። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ የተጠየቁት 80 በመቶ ገደማውን አስታወሱ። መጠየቅ የቀረላቸው አንድ ሦስተኛውን ገደማ ብቻ። ማንበብ መቀጠላቸው ያመጣላቸው ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ስለዚህ ዋናውን ሥራ የሚሠራው መጠየቁ ነው። ካርዱን ማን ጻፈው የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። «ራስህ ያልጻፍከው ካርድ ዋጋ የለውም» የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስማማም። ኤአይ የጻፈውም ካርድ ትክክለኛ ከሆነና መልሱን ሳታዪ ራስሽን ከጠየቅሽበት ይጠቅማል።

ግን ራስ መጻፍም የራሱ ጥቅም አለው። ሰው ያነበበውን ሳይሆን ራሱ ያመነጨውን ነገር የበለጠ እንደሚያስታውስ ኖርማን ስላሜካ እና ፒተር ግራፍ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። በፍላሽ ካርድ ላይም በቅርብ ዓመታት ስቲቨን ፓን እና ባልደረቦቹ ያደረጉት ሙከራ አለ። ተማሪዎች ራሳቸው ያዘጋጁት ዲጂታል ካርድ ተዘጋጅቶ ከተሰጣቸው የተሻለ ውጤት አምጥቷል። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም። ካርድ ስትጽፊ ምኑ ዋና እንደሆነ ትመርጫለሽ። በራስሽ አባባል ትቀይሪዋለሽ። «ይህን ጥያቄ እንዴት አድርጌ ልጠይቀው?» ብለሽ ታስቢያለሽ። ይህ ሁሉ ጥናት ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ነገር አለ። የስላይዱን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ወደ ካርድ መገልበጥ ማመንጨት አይደለም። እሱ የጽሕፈት ሥራ ነው። እሱን ከሆነ ኤአዩ ከአንቺ በተሻለ ይሠራዋል፣ ጣቱም አይዝልም። አንድ ምዕራፍ ሁለት ቀን ከፈጀብሽ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ሁሉንም እየገለበጥሽ ነው። እስኪ ትናንት የጻፍሽውን ምዕራፍ ክፈቺና የመጨረሻዎቹን ካርዶች ተመልከቺ። መልሱ ከሁለት መስመር በላይ ከሆነ፣ ወይም የስላይዱ ነጥቦች እንዳሉ ተደርድረው ካየሻቸው ጥርጣሬዬ ልክ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። ኤአይ ካርድ ማውጣቱን በነፃ አደረገው። መከለሱን ግን ነፃ አላደረገውም። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው።

አራት ወር ማለት 120 ቀን ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንት አዲስ ካርድ ሳይገባ ለክለሳ ብቻ እንተዋቸው። 100 ቀን ገደማ ይቀራል። አንኪ ሲከፈት ራሱ የሚያስቀምጠው መጠን በቀን 20 አዲስ ካርድ ነው። 20 ጊዜ 100፣ 2000 ካርድ። ያንቺ ጠቅላላ በጀት ይህ ነው። በአንኪ ተጠቃሚዎች ዘንድ የተለመደ ግምት ደግሞ አለ፤ የቀኑ ክለሳ፣ ማለትም አንኪ መልሶ የሚያመጣቸው የቀድሞ ካርዶች፣ ውሎ አድሮ ከአዲሱ ካርድ አሥር እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ በቀን 200 ክለሳ ጠብቂ። ካርዱ አጭርና ጥርት ያለ ከሆነ ለአንዱ ዘጠኝ ሰከንድ ይበቃል። 30 ደቂቃ ነው። ታክሲ ስትጠብቂ፣ ካፌ ወረፋ ላይ ቆመሽ፣ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ይጠናቀቃል።

አሁን የጓደኞችሽን እንይ። አፑ ከአንድ ፋይል 120 ካርድ ያወጣል እንበል፤ ፋይሉ 40 ነው እንበል። 4800 ካርድ። በ100 ቀን ለመጨረስ በቀን 48 አዲስ ማስገባት አለባቸው። ክለሳው ወደ 480 ይደርሳል። እሱም ብቻውን ባልከፋ ነበር። ግን መልሱ አንቀጽ የሆነ ካርድ በዘጠኝ ሰከንድ አያልቅም። 25 ሰከንድ ብለን ብናስብ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ዋርድ ላይ የተግባር ልምምድ የሚያደርግ ተማሪ ይህን የት ያመጣዋል? አንድ ቀን ሲዘል ይቆለላል። ሁለት ቀን ሲዘል አፑን መክፈት ራሱ ያስጠላል። ከዚያ አፑ ስልኩ ላይ ተጭኖ ይቀራል፣ ተማሪው ወደ ሃንድአውቱ ይመለሳል። ይህን ብዙ አይቻለሁ።

ስለዚህ አንድ አፕ «ስንት ካርድ ያወጣል?» ብለሽ አትለኪው። ምን ያህሉን እንደምትጥዪ ነው ማሰብ ያለብሽ።

በተግባር እንየው። የፕሪኤክላምፕሲያን (በእርግዝና ጊዜ የሚመጣውን የደም ግፊት ሕመም) ምዕራፍ ውሰጂ፤ መናድን ለመከላከል የሚሰጠው የማግኒዥየም ሰልፌት ክትትል አይቀርም። ስላይዱን ለኤአይ ሰጥተሽ ዝም ብለሽ «ፍላሽ ካርድ አውጣ» ብትዪው የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ጥያቄ፦ «ማግኒዥየም ሰልፌት ለሚወስዱ እናቶች የሚደረገው ክትትል ምን ያካትታል?» መልስ፦ የአተነፋፈስ ቁጥር፣ የጉልበት ሪፍሌክስ፣ የሽንት መጠን፣ የመርዛማነት ምልክት፣ ማርከሻው... እያለ ይወርዳል። ስሕተት የለበትም። ችግሩ ሌላ ነው። ከአምስቱ ሦስቱን ብታስታውሺ አውቄዋለሁ ትያለሽ ወይስ አላወቅሁትም? አንኪ ካርዱን መቼ መልሶ ማምጣት እንዳለበት የሚያሰላው ባንቺ መልስ ነው። ግማሽ መልስ ሒሳቡን ያበላሸዋል። አብዛኛው ሰው ደግሞ ሦስቱን ካገኘ «አወቅኩት» ብሎ ያልፋል፤ የሚረሳቸው ሁለቱ ሁልጊዜ እነዚያው ሁለቱ ይሆናሉ።

እኔ ብሆን እንዲህ እበታትነዋለሁ። «ቀጣዩን ዶዝ ከመስጠትሽ በፊት ትንፋሿ በደቂቃ ቢያንስ ስንት መሆን አለበት?» 16። «የትኛው ሪፍሌክስ ነው የሚታየው?» የጉልበት። «ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ ስንት ሚሊ ሊትር?» 30። «ማርከሻው?» ካልሲየም ግሉኮኔት። አራት ካርድ፣ እያንዳንዱ አንድ መልስ። እስከዚህ ያለውን በደንብ ካዘዝሽው ኤአይም ይጽፈዋል፤ አንቺ እዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት የለብሽም።

አምስተኛውን ግን ራስሽ ጻፊው። «ሽንቷ የቀነሰ እናት ላይ ማግኒዥየም ለምን ያሰጋል?» ምክንያቱም ማግኒዥየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ኩላሊቱ ካላስወጣው ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ይህችን ካርድ ስትጽፊ የሽንቱ ቁጥር ለምን እዚያ ዝርዝር ውስጥ እንደገባ ይገባሻል። ከዚያ በኋላ 30 የሚለው ቁጥር ብቻውን የሚንሳፈፍ ቁጥር አይሆንብሽም። ስድስተኛ ልጨምርልሽ፦ «ጉልበቷን ስትመቺ ምላሽ የለም። ቀጣዩ ዶዝ ደርሷል። ምን ታደርጊያለሽ?» ዶዙን አልሰጥም፣ አስተላልፋለሁ፣ ለሐኪሙ አሳውቃለሁ። ፈተናው የሚጠይቅሽም በዚህ መልክ ነው፤ «ክትትሉን ዘርዝሪ» ብሎ አይመጣም።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሙያ ቃላቱን በእንግሊዝኛ ጻፊ። የ«ለምን» ካርዶችን መልስ በአማርኛ ብትጽፊ ግን ማንም አይከለክልሽም። እንዲያውም በአማርኛ ለጓደኛሽ እንደምታስረጂ አድርገሽ ከጻፍሽው፣ የገባሽና ያልገባሽ ወዲያው ይለያል።

ወደ ስሕተቶቹ ልምጣ። ኤአይ ይሳሳታል ሲባል ሁሉም ሰምቷል፤ የት የት እንደሚሳሳት ግን ማወቅ ይጠቅማል። ሁለት ቦታ ላይ ዓይንሽን ጣይ።

አንደኛው ሠንጠረዥ ነው። መምህራን ሁለት መድኃኒት ጎን ለጎን በሠንጠረዥ ማወዳደር እንወዳለን። ስላይዱ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየርና ጽሑፉ ሲወጣ ግን ዓምዶቹ አንዳንዴ ይደባለቃሉ። ሁለቱን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒቶች ውሰጂ። ሄፓሪንን ኤፒቲቲ በሚባል የደም ምርመራ ይከታተሉታል፣ ማርከሻው ፕሮታሚን ሰልፌት ነው። ዋርፋሪንን አይኤንአር በሚባለው ምርመራ፣ ማርከሻው ቫይታሚን ኬ። ሠንጠረዡ ከተደባለቀ እነዚህ ተለዋውጠው ሊመጡ ይችላሉ። ካርዱ ሲታይ ያምራል፣ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፣ መልሱ ግን የሌላኛው መድኃኒት ነው። የከፋው ነገር ፍላሽ ካርድ የሚያስይዝ መሣሪያ መሆኑ ነው። ስሕተቱንም በደንብ ያስይዝሻል። ከሠንጠረዥ የመጣን ካርድ ሁሉ ከስላይዱ ጋር ሳታመሳክሪ አታስገቢ።

ሁለተኛው የአገር ጉዳይ ነው። ኤአይ ስላይዱ ላይ ክፍተት ሲያገኝ ከራሱ ይሞላል። የሚሞላው ደግሞ ብዙ ካነበበው ነው፤ ብዙ ያነበበው የአሜሪካና የአውሮፓ መመሪያ ነው። የክትባት መርሐ ግብርን ተመልከቺ። እኛ ጋ ፔንታቫለንት (አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት) በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳዮቹ ክትባቶች በአብዛኛው የሚሰጡት በ2፣ በ4 እና በ6 ወር ነው። ኩፍኝ እኛ ጋ በ9 ወር ይጀመራል፤ እነሱ ጋ ከ12 ወር በኋላ ነው። ስላይድሽ ላይ «የክትባት ጊዜዎች» የሚል ርእስ ብቻ ተጽፎ ዝርዝሩ በሥዕል ከተቀመጠ፣ አፑ ሥዕሉን ሳያነብ የአሜሪካውን ሊጽፍልሽ ይችላል። ፈተና ላይ ደግሞ የአሜሪካው ቁጥር ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ቢመጣ አይግረምሽ። የኤችአይቪ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። የእኛ የመጀመሪያ መስመር ሕክምና ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲን እና ዶሉቴግራቪር ነው። አሜሪካኖቹ ቢክቴግራቪር ያለበትን ይጨምራሉ። ሁለቱም በየአገሩ ልክ ነው። አንቺ የምትፈተኚው ግን በኢትዮጵያው ነው።

ሌሎቹ ጉድለቶች ቀለል ያሉ ናቸው። «አዎ ወይም አይደለም» የሚያስመልስ ጥያቄ ይወዳል። የመጀመሪያውን «የትምህርቱ ዓላማዎች» የሚለውን ስላይድ ሳይቀር ካርድ ያደርገዋል። «ሁለተኛው ደረጃ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅሻል፤ የምኑ ሁለተኛ ደረጃ እንደሆነ አይነግርሽም። እነዚህን ሰርዢና እለፊ፤ ለማስተካከል አትድከሚ።

ካንቺ ሁኔታ አንጻር አፕ ስለ መምረጥ። አንድሮይድ ስልክ፣ ላፕቶፕ የለም፣ ኢንተርኔት አልፎ አልፎ። ይህ ሲታይ ውሳኔው ቀላል ነው። አንኪድሮይድ፣ ማለትም የአንድሮይዱ አንኪ፣ ነፃ ነው፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው፣ ካርዱ ስልክሽ ላይ ስለሚቀመጥ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ዳታ ቢያልቅ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ክለሳሽ አይቋረጥም። አይፎን ቢሆንሽ ኖሮ ኦፊሴላዊው አፕ 25 ዶላር ገደማ ነው፣ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። ፕሌይ ስቶር ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ «አንኪ» የሚለውን ስም አስመስለው የሚሸጡ ሌሎች አፖች አሉ። ትክክለኛው ስም አንኪድሮይድ ነው።

የኤአይ አፖቹን ሳያቸው ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል? ካርዴን አውጥቼ ሌላ ቦታ መውሰድ እችላለሁ? አንድ ካርድ ቀጥሎ መቼ እንደሚመጣ ያሰላል? ብዙዎቹ ከሦስቱ አንዱ ላይ ይወድቃሉ። ሁለተኛውን ችላ እንዳትዪ። የነፃ ሙከራው ሲያልቅ ወርኃዊ ክፍያ በዶላር ይጠየቃል፤ የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ከሌለሽ የደከምሽበት ሁሉ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል።

ሦስተኛው ደግሞ ዋናው ነው። አንዳንዶቹ አፖች 20 ካርድ ይሰጡሽና ሁሉንም እስክትመልሺ ያዞሩሻል፤ ከዚያ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ጨርሰሻል» ይሉሻል። ደስ ይላል። ግን ኔት ኮርኔል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የፍላሽ ካርድ ጥናት፣ 90 በመቶ ለሚሆኑት ተሳታፊዎች የጠቀማቸው አራርቆ ማጥናቱ ነበር። የትኛው ጠቀማችሁ ተብለው ሲጠየቁ ግን 72 በመቶዎቹ በአንድ ጊዜ አጭቆ ማጥናቱ ነው አሉ። ስሜታችን እዚህ ላይ ይሸውደናል። ስለዚህ ጓደኛሽ «ይሄ አፕ በጣም ይገባኛል» ብትልሽ እመኛት፤ የፈተናው ማስረጃ አድርገሽ ግን አትውሰጂው። አንኪ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ካርዱን ልትረሺው ስትቃረቢ ያመጣዋል። ያኔ ያስቸግራል፣ ያናድዳል፣ ይሠራል።

ሴቲንጉ ውስጥ ኤፍኤስአርኤስ የሚባል አማራጭ ታገኛለሽ። የክለሳውን ቀን የሚያሰላ አዲሱ ስሌት ነው፤ አብሪው። 90 በመቶ ላይ የተቀመጠውን የማስታወስ ግብ እንዳለ ተዪው። «97 ላድርገውና ሁሉንም ላስታውስ» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። አታድርጊው፤ ክለሳው እጅግ ይበዛል።

አሁን አሠራሩን ልንገርሽ። ዋይፋይ ያለበት ቀን ላይብረሪ ሄደሽ፣ ፒዲኤፉን እንዳለ ከመጫን ይልቅ የምትፈልጊውን ክፍል ጽሑፍ ኮፒ አድርገሽ በጽሑፍ ለምታወሪው የኤአይ ቻትቦት ስጪው። ዳታም ይቆጥባል፤ ሠንጠረዡ ተደባልቆ ከሆነም ስትለጥፊው ራስሽ ታዪዋለሽ። ከዚያ እንዲህ ብለሽ እዘዢው፦ «ከዚህ ጽሑፍ ብቻ ተነስተህ 25 ጥያቄ አውጣ። አንድ ጥያቄ አንድ አጭር መልስ ይኑረው። ዝርዝር አትጠይቅ። አዎ ወይም አይደለም የሚባል ጥያቄ አይኑር። ጥያቄው ብቻውን ሲነበብ የሚገባ ይሁን። ጽሑፉ ላይ የሌለ ነገር አትጨምር፤ የጎደለ ካለ ጎድሏል በል። እያንዳንዱ መልስ ከየትኛው ዓረፍተ ነገር እንደመጣ ከጎኑ ጥቀስ።» ስላይድሽ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትእዛዙንም በእንግሊዝኛ ብትጽፊው ይሻላል። የመጨረሻዋን ትእዛዝ አትርሺ። ማመሳከሩን ከግማሽ ሰዓት ወደ አምስት ደቂቃ የምታወርድልሽ እሷ ናት።

ከመጡት 25 ውስጥ 10 ወይም 12 ብታስቀሪ በቂ ነው። የምታውቂውን ጣይ። «ይህ በጭራሽ አይጠየቅም» የምትዪውን ጣይ። የቀሩትን በጽሑፍ ፋይል አድርጎ እንዲያወጣልሽ ጠይቂው፤ አዲሶቹ የአንኪድሮይድ ስሪቶች እንዲህ ያለ ፋይል ይቀበላሉ። ካልተመቸሽ አንድ በአንድ ኮፒ አድርጊ፣ 12 ካርድ ብዙ አይደለም። በዚህ ላይ ሦስት ወይም አራት የ«ለምን» ካርድ ራስሽ ጨምሪበት። አንድ ምዕራፍ ከሰዓት ተኩል አይበልጥብሽም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ውጭ ነው። ዋርድ ላይ ያየሽውን የታካሚ ቻርት ፎቶ አንስተሽ ለኤአይ እንዳትሰጪ። ስሙን ቆርጬዋለሁ ብትዪም። ጉዳዩን በራስሽ ቃል ጻፊና ካርድ አድርጊው፤ እንዲህ ያለ ካርድ ደግሞ ከሁሉም በላይ አይረሳም።

ራስ መጻፍ የት እንደሚያስፈልግ አንኪ ራሱ ይነግርሻል። አንድን ካርድ ካወቅሽው በኋላ ስምንት ጊዜ ከረሳሽው «ሊች» የሚል ምልክት ያደርግበታል። እኔ እስከ ስምንት አልጠብቅም፤ አራት ጊዜ ከሳትሽው በቃ። እንዲህ ያለ ካርድ ብዙ ጊዜ ኤአይ የጻፈው ወይም ከስላይድ የተገለበጠ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ደግመሽ ደጋግመሽ አትጋጪው። ሰርዢው፣ ሃንድአውቱን ክፈቺ፣ ነገሩ ይግባሽ፣ ከዚያ በራስሽ አባባል እንደ አዲስ ጻፊው። የሞዴል ፈተና ስሕተቶችሽም እንደዚሁ። የሳትሽውን ጥያቄ እንዳለ አትገልብጪ። «ሐ ነው ያልኩት፣ ለምን አልሆነም?» ብለሽ ካርድ አድርጊው። ኤአይ ይህን ሊጽፍልሽ አይችልም፤ ምን ብለሽ እንዳሰብሽ አያውቅም።

ስለ ቁልፎቹም ትንሽ ልበል። ከታች አራት አማራጭ አለ፦ አጌን፣ ሃርድ፣ ጉድ፣ ኢዚ። መልሱን ካላስታወስሽ አጌን ነው፤ ሃርድ አይደለም። ብዙ ተማሪ ረስቶት እያለ «ትንሽ ከብዶኝ ነው እንጂ» ብሎ ሃርድን ይጫናል። ሃርድ ግን ለአንኪ «አስታውሼዋለሁ፣ ቢከብደኝም» ማለት ነው፤ ስሌቱ ቀኑን ያርቀዋል። አጌንን መጫን አያሳፍርም። ማንም አያይሽም።

የቀደሙት ባች ተማሪዎች በቴሌግራም የሚያዞሩት ካርድ ካለ እሱንም እይው። እሱንም እንደ ኤአይ ረቂቅ ቁጠሪው፦ ምረጪ፣ አመሳክሪ፣ ቀሪውን ጣይ። ከሁለት ሦስት ጎበዝ ጓደኛ ጋር ምዕራፍ ተከፋፍላችሁ ብትጽፉ ግን ከሁሉም የተሻለ ይመስለኛል። ቢያንስ ከጀርባው አንድ ያሰበ ሰው አለ፤ ካልገባሽም ሄደሽ ትጠይቂዋለሽ።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ካርድ ማስገባት አቁሚ። የየቀኑን ክለሳ ጨርሺ፣ የተረፈውን ሰዓት ለሞዴል ፈተና ስጪ። ካርድ ነጥብ በነጥብ ያስይዛል፤ አራት ምርጫ ከፊትሽ ተደርድሮ፣ ሰዓት እየሄደ መወሰንን ግን አያለማምድም። እሱ በጥያቄ ብቻ ነው የሚለመደው።

አሁን የያዝሻቸውን ካርዶች አትሰርዢያቸው። መልሳቸው የረዘመውን በየቀኑ አምስት አምስት እያልሽ እንደ ማግኒዥየሟ በትኛቸው። እስካሁን ካልከፈትሽ ደግሞ ዛሬውኑ አንኪዌብ ላይ (ካርዱን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥልሽ የአንኪ ድረ ገጽ ነው) አካውንት ክፈቺ፣ ነፃ ነው፤ ላይብረሪ በሄድሽ ቁጥር የማመሳሰያዋን ምልክት ንኪ። ስልክ ይሰረቃል፣ ስልክ ይወድቃል። ካርዱ ያለው እሱ ላይ ብቻ ከሆነ አብሮት ይሄዳል።